ዶሮዎቹን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ስፔኑ የተሳላሚዎች መንገድ እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ሙሉ መንገዱ ከፈረንሳይ ድንበር አንሥቶ የሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር አለበት እስከሚባለው እስከ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ድረስ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ምሽት ያን ሁሉ ልውሰዳችሁ ብል ግማሻችሁ ፓምፕሎና ሳንደርስ ታንቀላፋላችሁ። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ከተማ መርጫለሁ፤ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ ትባላለች። ላ ሪዮኻ በሚባለው፣ በወይን ጠጁ በታወቀው ክልል ውስጥ ናት። ነዋሪዋ ስድስት ሺህ ያህል ነው፤ አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅባችሁም። ዓመተ ምሕረቱንም ቀኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

ከተማዋን ዝነኛ ያደረጋት አንድ ነገር ነው። በካቴድራሏ ውስጥ፣ ቅዳሴ በሚቀደስበት አዳራሽ፣ ከፍ ብሎ በግድግዳ ላይ የተሠራ የዶሮ ቤት አለ፤ በውስጡም አንድ ነጭ አውራ ዶሮና አንዲት ነጭ ሴት ዶሮ አሉ። ሥዕል ወይም ሐውልት አይደሉም፣ ነፍስ ያላቸው ዶሮዎች ናቸው። ጎብኚው ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ቲኬት ይቆርጣል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቶ ያነሣል፣ ውጪ ወጥቶ ቡና ይጠጣል፣ ይሄዳል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ከዚህ ጎብኚ ጋር ልሟገት ነው። ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ አድልዎ እንዳለብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ በእኔ አስተያየት የዚያች ከተማ ትልቁ ተአምር ያለው ከከተማው መውጫ፣ ወንዙ ላይ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዶሚንጎ ከሚባል የገበሬ ልጅ ነው። በ1019 ቪሎሪያ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። መመንኮስ ፈለገ፤ በአካባቢው የታወቁት ሁለት ገዳማት ቫልቫኔራና ሳን ሚያን ነበሩ፤ ሁለቱም አልተቀበሉትም። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ወደ እርሻው አልተመለሰም። ባሕታዊ ሆኖ በኦኻ ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ጎርጎርዮስ የሚባል የኦስቲያ ጳጳስ ወደ አካባቢው ይመጣል፤ እንደ ትውፊቱ የተላከው አገሩን ያጠፋውን የአንበጣ መንጋ በጸሎት እንዲያስቆም ነው። ዶሚንጎ ከእርሱ ጋር ሆነ፣ ክህነትም ከእርሱ እጅ ተቀበለ። ሁለቱ ሆነው ከሠሩት ነገር አንዱ በወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ ነው። ጎርጎርዮስ በ1044 ሲያርፍ ዶሚንጎ ወደዚያው ወንዝ ዳር ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት በላይ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ ወንዙ ጥቂት ልበላችሁ። ኦኻ በበጋ ብታዩት ወንዝ ነው ብላችሁ አትገምቱም። ሰፊ የጠጠር ሜዳ ነው፤ ውኃው ከጠጠሩ ሥር ይሰርጋል፣ ላዩ ደረቅ ነው። በተራራው ላይ በረዶ ሲቀልጥ ወይም ዝናብ ሲጥል ግን ከየት መጣ ሳይባል ይሞላል፤ ደግሞም አንድ ቦይ ይዞ አይወርድም፣ ዘንድሮ በዚህ በኩል ከወረደ ለከርሞ በዚያ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ድልድይ የሠራ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ችግሩ ይገባዋል። አንድ ትልቅ ቅስት አቁማችሁ አትገላገሉም፤ የጠጠሩን ሜዳ ስፋት ሙሉ መሸፈን አለባችሁ። ዶሚንጎ በኋላ በድንጋይ ያሠራው ድልድይ 24 ቅስቶች ነበሩት ይባላል። ዛሬ የምታቋርጡት ድልድይ ብዙ ጊዜ የተጠገነና የተቀየረ ነው፤ የእርሱን ድንጋይ ፈልጋችሁ አትድከሙ። ቦታው ግን ያው ነው፣ ርዝመቱን በእግራችሁ ስትሄዱበት ደግሞ ሰውየው ከምን ጋር እንደታገለ ይገባችኋል።

ከድልድዩ ጋር መንገዱን ሠራ። የከተማዋ ስም ውስጥ ያለው «ካልሳዳ» በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ማለት ነው። ከናኸራ ከተማ ተነሥቶ ሬዴሲያ ወደምትባለው መንደር የሚያደርሰውን አቅጣጫ የቀየሰው ዶሚንጎ ነው፤ ከዚያ በፊት ተሳላሚው የሚከተለው የቀድሞውን የሮማውያን መንገድ ነበር። ጫካውን ስለመነጠረበት መንገድ አንድ ተረት አለ። የአካባቢው ሰዎች «በአንድ ቀን በማጭድህ የምትቆርጠው ዛፍ ሁሉ ያንተ ይሁን» አሉት አሉ፤ በማጭድ ዛፍ አይቆረጥም ብለው ሊሣለቁበት ነው። እርሱ ግን ጫካውን አጨደው። ማጭዱ ዛሬም ከንዋያተ ቅድሳቱ ጋር ይታያል። የስፔን የመንገድና የድልድይ መሐንዲሶች ጠባቂ ቅዱሳቸው ይህ ሰው ነው፤ በዓላቸውን የሚያከብሩትም ባረፈበት ቀን ነው።

ጽድቅ ብቻውን ግን መንገድ አይሠራም፤ በጀት ያስፈልጋል። በ1076 የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ ስድስተኛ ላ ሪዮኻን ከናቫራ ግዛት ወሰደ። አዲስ የያዙትን አገር ይዞ ለመቆየት መንገድ የመሰለ ነገር የለም፦ ነጋዴው ይመጣል፣ ሰፋሪው ይመጣል፣ ወታደሩም ሳይጠራ ይደርሳል። ንጉሡ ባሕታዊውን ደገፈው፣ መሬትም ሰጠው። በመንፈሳዊ ታሪክ ስናነብ ይህችን ክፍል ዘለን እናልፋለን፤ እኔ ግን ዶሚንጎን የበለጠ የማከብረው በዚህ ነው። የንጉሡን ፍላጎት ለደከመው መንገደኛ ጥቅም አዋለው። ድልድይ፣ መንገድ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ ቤተ ክርስቲያን፤ በዙሪያቸው ጥቂት ቤቶች፤ ከዚያ ከተማ። ሰፈር ኖሮ መንገድ የተሠራለት ቦታ አይደለም፤ መጀመሪያ መንገዱ ነበረ። ደቀ መዝሙሩም ሁዋን ዴ ኦርቴጋ ይህንኑ ሥራ ይዞ ቀጠለ፣ እርሱም ቅዱስ ተባለ፣ ከቡርጎስ በፊት ባለው ጫካማ ተራራ ላይ በስሙ የሚጠራ ገዳም አለ።

ዶሚንጎ በ1109፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ዘጠና ዓመት ሞልቶት ዐረፈ። የት ተቀበረ? በመንገዱ ላይ። መቃብሩ ቀድሞ በሠራት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይሆን ተሳላሚ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነበር። በ1158 የአሁኑ ካቴድራል ሥራ ተጀመረ፣ ሕንፃው እየሰፋ ሲሄድም መቃብሩን ወደ ውስጥ አስገባው፣ መንገዱም ጠምዘዝ አለ። ካርታ ስታዩ ዋናው ጎዳና ቀጥ ብሎ መጥቶ ካቴድራሉ ጋ ሲደርስ ዞር የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ለአንድ መንገድ ሠሪ መቃብር ተብሎ መንገድ አቅጣጫ የቀየረበት ሌላ ቦታ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ዶሮዎቹ። ባልናገር ቅር ትሰኛላችሁ።

ከጀርመን አገር፣ ዛንተን ከምትባል ከተማ፣ አባትና እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው ለመሳለም ይመጣሉ። ልጁ ኡጎኔል ይባላል። ያደሩበት ቤት ባለቤት ልጅ ትወደዋለች፤ እርሱ ግን እንቢ ይላታል። ተናዳ የብር ጽዋ በጓዙ ውስጥ ደብቃ «ሌባ!» ብላ ታስይዘዋለች። ይፈረድበታል፣ ይሰቀላል። ወላጆቹ እያለቀሱ ጉዞአቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ልጁ ገመዱ ላይ እንዳለ በሕይወት ያገኙታል፤ «ቅዱሱ እግሬን ደግፎ ይዞኛል» ይላቸዋል። ወደ ዳኛው ይሮጣሉ። ዳኛው ማዕድ ላይ ነበር፣ የተጠበሱ ዶሮዎች ቀርበውለታል። «ልጃችሁ በሕይወት ካለማ እነዚህም ዶሮዎች በሕይወት አሉ!» ብሎ ሲሣለቅ ዶሮዎቹ ላባቸው በቅሎ ከሳሕኑ ላይ ተነሥተው ጮኹ። ስፔኖች «ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ፣ ዶሮ ከተጠበሰች በኋላ የጮኸችባት» የሚል ቤት የሚመታ አባባል አላቸው። ሴት ዶሮ እንዴት ጮኸች ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ተጠብሳ ከተነሣች በኋላ መጮኋ አይገርምም።

ከመካከላችሁ ጸሎተ ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ ቀና እንደሚል አውቃለሁ። የእኛ መጽሐፈ ዶርሆ አለ። በስምዖን ቤት ለማዕድ የቀረበውን የተሠራ ዶሮ ጌታ ዳስሶ አስነሣው፣ ይሁዳ የሚያደርገውን እንዲያይ ላከው፣ ዶሮውም ተመልሶ ያየውን እያለቀሰ ተናገረ። ይህ መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው፣ በሰሙነ ሕማማትም የሚነበበው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ለማለት አልመጣሁም። ሁለቱም ቦታ ዶሮው የሚነሣው ግን ሰው ሸፍኖት የነበረውን እውነት ለመመስከር ነው፤ እዚያ የይሁዳን ክዳት፣ እዚህ የተሰቀለውን ልጅ ንጽሕና።

ታሪኩ የዚህች ከተማ ብቻ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ያዕቆብ ተአምራት በተጻፈው «ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ» ውስጥ የተሰቀለው ልጅ ታሪክ አለ፤ ቦታው ግን ቱሉዝ፣ ፈረንሳይ ነው። ጽዋውን የደበቀው ገንዘብ የፈለገ የቤቱ ባለቤት ነው፣ ያፈቀረች ልጅ የለችም፣ ዶሮም የለም። ልጁን ደግፎ የያዘውም ያዕቆብ ነው። ፖርቱጋል ውስጥ ባርሴሎስ የምትባል ከተማ ደግሞ የራሷ የተጠበሰ አውራ ዶሮ አላት፤ ዛሬ የአገሩ ምልክት ሆኖ በየሱቁ በቀለም አሸብርቆ ይሸጣል። ተረት ከተሳላሚ ጋር ይጓዛል፣ በደረሰበት ያድራል፣ ሲነሣ አንድ ነገር ጨምሮ ይሄዳል። የሳንቶ ዶሚንጎ ሰዎች ዶሮዎቹን ጨመሩ፣ ተአምሩንም ለራሳቸው ቅዱስ ሰጡ። ብልሆች ናቸው። በ1350 በአቪኞን የተጻፈ የቤተ ክርስቲያን ሰነድ በካቴድራሉ ውስጥ ያሉትን አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ ይጠቅሳል፤ እንግዲህ ልማዱ ቢያንስ ከዚያ ዘመን ወዲህ አለ። አሁን ያለው ባለ ጌጥ የድንጋይ ዶሮ ቤት የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከበላዩ ከመስቀያው ተቆረጠ የሚባል እንጨት አለ።

ዶሮዎቹን የሚንከባከበው የቅዱሱ ማኅበር ነው። ሁልጊዜ ነጮች ናቸው፣ በየጊዜውም ይቀያየራሉ፤ ተራ የሚጠብቁት በማኅበሩ የተሳላሚ ማረፊያ ጓሮ ይኖራሉ። ካቴድራል ውስጥ ሳላችሁ አውራው ከጮኸ ጉዞአችሁ ይቃናል ይባላል። ድሮ ተሳላሚው የወደቀ ላባ አንሥቶ ባርኔጣው ላይ ይሰካ ነበር። እኔ በገባሁበት ጊዜ አውራው ዝም ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፣ ሴቷ ጥሬዋን ትለቅማለች፤ ሃምሳ የሚሆን ሰው ስልኩን ደግኖ አንድ ጩኸት ይጠብቃል። ከዶሮ ቤቱ ፊት ለፊት የሰውየው መቃብር ነው። ወደ መቃብሩ የዞረ ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

እንግዲህ ካቴድራሉ ውስጥ ከገባችሁ አይቀር ወደ መቅደሱ ጀርባ ዙሩ። የመጀመሪያው፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ያለው እዚያ ነው፤ በዐምዶቹ ላይ የተቀረጹት ምስሎች፣ በተለይ አውታር የሚመታው ንጉሥ ዳዊት፣ ከዶሮዎቹ የበለጠ ጊዜ ይገባቸዋል። እነዚህ ቅርጾች ለአራት መቶ ዓመት ተሸፍነው ኖረዋል። ዳምያን ፎርሜንት የሚባል ታላቅ ቀራጺ ከ1537 እስከ 1540 ግዙፍ የእንጨት መሠዊያ ሠርቶ ፊታቸው አቆመ፤ የመጨረሻ ሥራው ሆነ፣ በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ ዐረፈ። በ1994 የቅርስ ባለሙያዎች ያን ግዙፍ ሥራ ከቦታው አንሥተው በካቴድራሉ ጎን አቆሙት፣ የጥንቱ መቅደስ ተገለጠ። ልክ ናቸው? ፎርሜንት ለዚያ ቦታ ለክቶ የሠራው ነውና ጎን ላይ ሲታይ እንግዳ ይመስላል የሚል ሰው ጥፋተኛ አይደለም። እኔ ግን በመነሣቱ ደስ ካላቸው ወገን ነኝ። አንዱን ቅርስ ለማሳየት ሌላውን ማፍረስ አላስፈለገም፤ ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ይታያሉ።

ስትወጡ የደወሉን ግንብ ፈልጉት፤ ከካቴድራሉ ጋር አልተያያዘም። ጎዳናውን ተሻግሮ ብቻውን ቆሟል፣ ቁመቱ 70 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ግንብ በ1450 መብረቅ መታው። ሁለተኛው ሊወድቅ ሲያሰጋ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አፈረሱት። ሦስተኛውን በ1760ዎቹ የሠራው ማርቲን ዴ ቤራቱዋ ነው፤ ከካቴድራሉ ሥር ያለው መሬት ውኃ ስለሚበዛበት ራቅ ብሎ ጠንካራ መሠረት አገኘ። የዚያ ወንዝ ነገር እንግዲህ ከተማው መካከልም አልለቀቃቸውም። ግንቡ ላይ መውጣት ይፈቀዳል፤ ጉልበታችሁ እሺ ካለ ውጡ።

ሌላው ታሪክ ብዙ ነው፣ በችኮላ አልፈዋለሁ። በ1379 የካስቲያው ንጉሥ ኤንሪኬ ሁለተኛ የሞተው በዚህች ከተማ ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ግንብ ቅሪት አለ። ከአልሞንድ የሚሠራ፣ የተሰቀሉትን ለማስታወስ የተሰየመ ኬክም በየመጋገሪያው ይሸጣል፤ ስሙ ቢያስደነግጥም ጣፋጭ ነው።

እንዴት ልሂድ ለምትሉ፣ ከተቻላችሁ በእግር ግቡ። ከናኸራ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ቀን በደንብ ይበቃዋል። በመካከሉ ሲሩዌኛ የምትባል መንደር ትመጣለች። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት በጎልፍ ሜዳ ዙሪያ የተሠሩ ረድፍ ረድፍ ቤቶች አሉባት፤ መስኮታቸው የተዘጋ፣ «ይሸጣል» የሚል የተለጠፈባቸው ብዙ ናቸው። ሰው ይመጣል ተብሎ ነበር የተሠሩት። ከዚያ እንደወጣችሁ መንገዱ በስንዴ ማሳ መካከል ቁልቁል ይወርዳል፣ የደወሉ ግንብም ከሩቅ ይታያችኋል። ከዚያ በኋላ አሁን ደረስኩ አሁን ደረስኩ እያሉ ከአንድ ሰዓት በላይ መሄድ ነው። የከተማው መግቢያ አያምርም፤ መጋዘንና የእርሻ መሣሪያ ማቆሚያ ነው። ታገሡ።

ማደሪያ ሁለት ዓይነት አለ። ዶሚንጎ ለድሃ መንገደኛ ያሠራው የእንግዳ ማረፊያ ዛሬ ፓራዶር ነው፤ ፓራዶር ማለት የስፔን መንግሥት በታሪካዊ ሕንፃዎች ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ውድ ሆቴል ነው። ቅስቶቹን ለማየት ገብታችሁ ቡና መጠጣት ትችላላችሁ። እውነተኛው የቅዱሱ ወራሽ ግን ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው የማኅበሩ ማረፊያ ነው። የተሳላሚ መታወቂያችሁን ታሳያላችሁ፣ ማኅተም ይመታላችኋል፣ ተደራራቢ አልጋ ይሰጣችኋል፣ ጫማችሁን ደጅ ትተዋላችሁ። ማታ በጊዜ ይዘጋል፣ ጠዋት በጊዜ ያስወጣችኋል። ማንም የማን ልጅ ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው አይላችሁም።

ሳንቲያጎ ለደረሰ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለእግረኛ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር መሄድ ይበቃል። በ2024 ወረቀቱን የወሰዱት 499 ሺህ ያህል ናቸው፤ ከሁሉም የሚበዙት የሚነሡት ሳሪያ ከምትባለው፣ መቶዋን ኪሎ ሜትር ለጥቂት ከምታሟላው ከተማ ነው። ሳንቶ ዶሚንጎ ከሳንቲያጎ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ብዙዎቹ አያዩአትም። ወረቀቱ ግድ ካልሰጣችሁ ከናኸራ እስከ ቡርጎስ ያለውን መንገድ እመርጥላችኋለሁ፤ በአራትና በአምስት ቀን ያልቃል። የያዕቆብ በዓል ሐምሌ 25 እሑድ ሲውል ቅዱስ ዓመት ይባላልና 2027 እንደዚያ ነው፤ በዚያ ዓመት መንገዱ ይጨናነቃል፣ አስቡበት።

የከተማዋ ዋና በዓል በግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። ነጭ የለበሱ ወጣት ሴቶች ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው በሰልፍ ያልፋሉ። በጋሪ ተድጦ ሞቶ በቅዱሱ ጸሎት ተነሣ ለሚባል ተሳላሚ መታሰቢያ የጋሪ መንኮራኩር ያስባሉ። በዕለቱ፣ በግንቦት 12፣ ማኅበሩ ሽንብራና የበግ ሥጋ አብስሎ ለመጣው ሁሉ ያድላል፤ ዶሚንጎ መንገደኛን ያበላ ነበርና። ይህ ቀን በእኛ ግንቦት 4 ነው። ግንቦት 4 ደግሞ ፋሲካችን ቀደመም ዘገየም ሁልጊዜ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን እንኳ ጾም የለም። ሥጋውን ማን ባረከው የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ። አልጋ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ በእነዚያ ቀናት ማድሪድም ባርሴሎናም ያለ የከተማው ልጅ ሁሉ አገሩ ይገባል።

ጥያቄ ካላችሁ አሁን እቀበላለሁ።